ኮታና ራሽን፦ ድጎማውን የከፈለው ማን ነበር?

የመንግሥት የእህል ድጎማ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበን ለገበሬ የሚከፈል ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የወጣው የእርሻ ሕግ ገበሬው የሚዘራውን መሬት እንዲቀንስ መንግሥት የሚከፍልበትን ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ ዓላማውም የወደቀውን የምርት ዋጋ ማንሣት ነው። በአገራችን በደርግ ዘመን የተሠራበት ደንብ ግን አቅጣጫው ወደ ሌላ ነበር።

በቂርቆስና በካዛንቺስ የኖሩ ጎልማሶች የቀበሌውን ሱቅ አይረሱትም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በማኅበር ካደራጀ በኋላ፣ እህልና ስኳር በቤተሰብ ብዛት እየተመደበ በቀበሌ ይታደል ጀመር። እኔ ለዚያ ሰልፍ ባልደርስም፣ እናቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ወረፋ ትይዝ እንደነበር ደጋግማ አጫውታኛለች። ዋጋው ከእህል በረንዳ ዋጋ በብዙ ያነሰ ስለነበር ድካሙ ያዋጣ ነበር። ታዲያ ልዩነቱን ማን ቻለው?

እህሉን ይሰበስብ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነው። መንግሥት ለየክፍለ ሀገሩ የሚመድበው ኮታ በአውራጃና በወረዳ ተከፋፍሎ ለገበሬ ማኅበራት ይደርሳል፤ ማኅበሩም በየአባሉ ላይ ይደለድለዋል። ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜም ነበር። ነጋዴውም ቢሆን ከገዛው ግማሹን፣ በአንዳንድ ክፍለ ሀገር ጨርሶ ሁሉንም ለድርጅቱ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር፤ እህል እንዳያልፍ ኬላዎች ይጠብቁ ነበር።

እንደ መሐንዲስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ የዋጋው ወጥነት ነው። ለከተማ የቀረበውም፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀውም ገበሬ አንድ ዋጋ ይከፈለዋል። የመንገዱ ርቀት፣ የነዳጁና የመኪናው ወጪ በዋጋው ውስጥ አይታይም። ነገር ግን ወጪ በወረቀት ላይ ስላልተጻፈ አይጠፋም፤ አንድ ቦታ ላይ መውደቁ አይቀርም።

በአንጻሩ የመንግሥት እርሻዎች ለተመሳሳይ እህል ከገበሬው የበለጠ ዋጋ ያገኙ ነበር፤ ትራክተሩ፣ ማዳበሪያውና ብድሩም በቅድሚያ የሚደርሰው ለእነርሱ ነበር። እንዲያም ሆኖ በኪሣራ ይሠሩ ስለነበር ጉድለታቸውን መንግሥት ይሸፍን ነበር። እንግዲህ ለእርሻ የሚከፈል ድጎማ በአገራችን ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን አብዛኛውን የአገሪቱን እህል የሚያመርተው አነስተኛ ገበሬ የዚህ ተካፋይ አልነበረም። እንዲያውም ለእናቴ የደረሰው ርካሽ ጤፍ በከፊል የእርሱ ስጦታ ነበር፤ ፈቃዱን ግን ማንም አልጠየቀውም።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ ኬላዎቹም ተነሡ። ድርጅቱ በኋላ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ተብሎ ከነጋዴው ጋር በገበያ የሚወዳደር ሆነ። የምግብ ዋጋ እጅግ በናረበት በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ከውጭ ያስመጣውን ስንዴ ለከተማ ነዋሪ ከገበያ ባነሰ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ያን ጊዜም በየሰፈሩ ሰልፍ ተሰልፏል፤ የዋጋውን ልዩነት የቻለው ግን ገበሬው ሳይሆን የመንግሥት ካዝና ነበር።