የተቀዳደደው ወረቀትና መርማሪዎቹ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በፈረንሳይ የጦር ሚኒስቴር የስለላ ክፍል አንድ የተቀዳደደ ስስ ወረቀት ተገጣጥሞ ተለጠፈ። የተገኘው በፓሪስ ካለው የጀርመን ኤምባሲ ነው። ለጀርመኑ ወታደራዊ አታሼ የተላኩ ምስጢሮችን ይዘረዝራል፤ ስምም ቀንም ግን የለበትም። ከሃዲው ማን እንደሆነ የሚያሳብቅ ነገር ቢኖር የእጅ ጽሑፉ ነበር።

ጥርጣሬው አይሁዳዊው የመድፈኛ መኮንን ሻምበል አልፍሬድ ድሬይፉስ ላይ አረፈ። ኦክቶበር 15 ቀን ሻለቃ ዱ ፓቲ ደ ክላም ጣቴን አሞኛል ብሎ አስቀመጠውና የዚያ ወረቀት ቃላት የገቡበትን ደብዳቤ በቃል እየነገረ አስጻፈው። ከዚያ «እጅህ ተንቀጠቀጠ» ብሎ አሰረው።

የፈረንሳይ ባንክ የጽሕፈት መርማሪ የነበረው ጎቤር፣ ጸሐፊው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል አለ። መልሱ አልተወደደለትም። ወረቀቱ ወደ አልፎንስ ቤርቲዮን ዞረ። ቤርቲዮን ወንጀለኞችን በአካል ልኬት በመለየት ስሙ የገነነ የፖሊስ ሰው ነው፤ የጽሕፈት ሙያ ግን የለውም። የደረሰበት ድምዳሜ ጉድ የሚያሰኝ ነው። ፊደሉ ከድሬይፉስ ፊደል ጋር ሲመሳሰል የጻፈው እሱ ስለሆነ ነው፤ ሳይመሳሰል ሲቀር ደግሞ፣ ኋላ «ሌላ ሰው አስመስሎ ጻፈብኝ» ለማለት የገዛ እጁን ሆን ብሎ አዛብቶ፣ የቤተሰቡንም አጻጻፍ ቀላቅሎበት ነው! ወዲህም ቢሉ ወዲያ ማምለጫ የለም።

ከአምስቱ መርማሪዎች ሦስቱ በተከሳሹ ላይ መሰከሩ። ዳኞቹ ደግሞ ተከሳሹም ጠበቃውም ያላዩት የምስጢር ዶሴ በጎን ደረሳቸው። ድሬይፉስ ወደ ዲያብሎስ ደሴት ተጋዘ።

በ1896 የስለላ ክፍሉ አዲስ አለቃ ፒካር፣ የሻለቃ ኤስተርሃዚን ደብዳቤዎች ሲያይ አጻጻፉን አወቀው፤ የዚያ ወረቀት እጅ ነው። የጸሐፊውን ማንነት ደብቆ ለቤርቲዮን አሳየው። ቤርቲዮንም አንድ ናቸው አለ። ደብዳቤዎቹ በቅርቡ የተጻፉ መሆናቸው ሲነገረው ግን፣ እንግዲያውስ አይሁዶች አጻጻፉን የሚኮርጅ ሰው አሠልጥነዋል ብሎ አረፈው። ዓይኑ እንኳ ደህና ነበር።

በ1898 መጀመሪያ ኤስተርሃዚ ለፍርድ ሲቀርብ ሌሎች ሦስት ባለሙያዎች ወረቀቱ የእሱ አይደለም አሉ፤ ወታደራዊው ፍርድ ቤትም በነጻ አሰናበተው። ደራሲው ኤሚል ዞላ በጻፈው ዝነኛ ግልጽ ደብዳቤ ሦስቱንም በስም ጠርቶ ወነጀላቸው።

የክሱን ግንብ የናደው ግን የፊደል ቅርጽ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኦገስት ሻምበል ኩዊኜ፣ የጣሊያኑ አታሼ ጻፈው የተባለውንና ድሬይፉስን የሚወነጅለውን ደብዳቤ ማታ በፋኖስ ብርሃን ይመረምራል። ወረቀቱ እንደ ሒሳብ ደብተር ባለ አራት ማዕዘን መስመር ነው። መስመሮቹ በአንዱ ቁራጭ ላይ ወደ ግራጫ የሚያደላ ሰማያዊ፣ በሌላው ላይ ወይን ጠጅ ሆነው ታዩት። ሁለት ደብዳቤዎች ተቆርጠው ተጣብቀዋል ማለት ነው! ቀጥሎ ያጣበቀው የስለላ ክፍሉ መኮንን ኮሎኔል አንሪ ሲጠየቅ አመነ፤ በማግስቱ በታሰረበት ክፍል ሞቶ ተገኘ።

በ1899 በሬን ከተማ ችሎቱ ዳግም ሲሰየም፣ ከአምስት ዓመት በፊት በድሬይፉስ ላይ የመሰከረው ሻራቬ በአደባባይ ቆሞ ተሳስቼ ነበር፣ ጸሐፊው ኤስተርሃዚ ነው አለ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዚህ ታሪክ ውስጥ ብርቅ ነው። ዳኞቹ ግን በድሬይፉስ ላይ እንደገና ፈረዱበት፤ ከእስር የወጣው በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ነበር።

በ1904 ዳርቡ፣ አፔልና አንሪ ፖንካሬ የተባሉ ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት የቤርቲዮንን ስሌት መረመሩ። ልኬቱ የተመሠረተው በተዛባ የወረቀቱ ቅጂ ላይ መሆኑን፣ የይሆናል ስሌቱም ያለ ቦታው መግባቱን አሳዩ። ጁላይ 12 ቀን 1906 ሰበር ሰሚው ፍርዱን ሻረ። ቤርቲዮን እስከ ሞተበት 1914 ድረስ ወንጀለኞችን የሚለየው የፖሊስ ክፍል አለቃ ነበር።