እርጎ ሲኮመጥጥ፦ አሲድና ኒሲን

በአንዳንድ የቺዝ መጠቅለያ ላይ «ኢ 234» የሚል ምልክት ይገኛል። ይህ ኒሲን ነው። ኒሲን ከ34 አሚኖ አሲዶች የተሠራ አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት (ፔፕታይድ) ሲሆን፣ የሚያመነጨውም ወተት የሚያኮመጥጠው ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ዝርያዎች በአገራችን እርጎም ውስጥ ይገኛሉ። «ኒሲን» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1947 ያስተዋወቁት በእንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ማቲክና ሂርሽ ናቸው።

ኒሲን የሌላውን ባክቴሪያ ሽፋን ይበሳል፤ የውስጡ ነገር ሲፈስ ባክቴሪያው ይሞታል። አሲድ ለዚህ ሥራ ይረዳዋል። በኮምጣጣ ፈሳሽ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 2 ሲሆን 121 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ይችላል። ፒኤች 7 ሲደርስ ግን በቀላሉ ይበላሻል።

አሲድ ሁሉንም ፔፕታይድ አይጠቅምም። ሂስቲዲን የበዛባቸው በአሲድ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚያገኙ፣ ኔጌቲቭ ቻርጅ ካለው የባክቴሪያ ሽፋን ጋር ይበልጥ ይጣበቃሉ። በመተንፈሻ ቧንቧችን ያለው ኤልኤል-37 ግን አሲድ ሲጨምር ኃይሉ ይቀንሳል።

እንግዲህ እርጎ ኮመጠጠ ማለት ከጀርም ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ኢ. ኮላይና ብሩሴላ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ኒሲን ብቻውን አይበግራቸውም። ስለዚህ ጥሬ ወተት መፍላት አለበት። የሱቁ ወተት በሙቀት ሲታከም የሚያረጉት ባክቴሪያዎችም ስለሚሞቱ፣ ሕያው ባክቴሪያ ካለው እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ማርጋት ይሻላል።