ጨረቃዋን ያየ ማን ነው?



ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ይባላል። እኛ ዛሬ የምናነሳው አንዲት አጭር ወሬ ብቻ ነው፤ «ጨረቃ ታየች» የምትለዋን። ይህች ወሬ ቤታችን የምትደርስበት መንገድ ሲለወጥ ኑሯችንም አብሮ ተለውጧል።

ኢማም ሙስሊም በሶሒሕ ኪታባቸው የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። የኢብኑ ዐባስ እናት ኡሙል ፈድል (ረ.ዐ) ኩረይብ የተባለውን ታቢዒይ ለጉዳይ ወደ ሻም፣ ወደ ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ላኩት። ረመዳን እዚያው ገባበት። ጨረቃዋንም የጁሙዓ ሌሊት፣ በእኛ አነጋገር ሐሙስ ማታ፣ አያት። መዲና የተመለሰው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነበር። መዲና ላይ ግን ጨረቃዋ የታየችው ከዚያ አንድ ቀን ዘግይታ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ራሱ አይቷት እንደሆነ ጠየቁት፤ ማየቱን፣ ሌላውም ሰው አይቶ መጾሙን ነገራቸው። እሳቸው ግን በመዲና እይታ ቀጠሉ።

ዑለማእ ከዚህ ሐዲሥ ተነስተው ለየሀገሩ የራሱ እይታ ነው ያሉ አሉ፤ የአንዱ እይታ ለሁሉም ይበቃል ያሉም አሉ። ወደዚያ ክርክር አንገባም። እኛን የገረመን ሌላ ነው። ወሬው ሳምንታት ቢፈጅም የደረሰው ከነባለቤቱ ነው። ፊቱ የሚታይ፣ ስሙ የሚታወቅ፣ የሚጠየቅ ሰው ነው ያመጣው። ቃዲም ዘንድ ቢሆን «አየሁ» ባዩ ቀርቦ ይጠየቃል፤ ታማኝነቱም ይመረመራል።

ከዚያ የቴሌግራፍ ሽቦ መጣ። (ዛሬ ልጆቻችን ቴሌግራም ሲሉ ሌላ ነገር ማለታቸው ነው፤ አባቶቻችን የሚያውቁት ግን ፖስታ ቤት ሄደው በቃል ልክ የሚከፍሉበትን ነው።) ሽቦ ፊት የለውም። በሽቦ በመጣ ዜና ይጾማል ወይ የሚለው ጥያቄ ዑለማእን አነጋገረ። የደማስቆው ዓሊም ጀማሉዲን አል-ቃሲሚ በ1329 ሂጅራ (1911 እ.ኤ.አ) ለዚህ ጥያቄ ብቻ አንድ ኪታብ አሳተሙ። እሳቸው በቴሌግራፍ ዜና መሥራት ይቻላል ባይ ነበሩ። ሽቦ በየሀገሩ ከተዘረጋ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቢሆን ጥያቄው መጽሐፍ የሚያስጽፍ ነበር ማለት ነው። ስልክ ኪሳችን ሲገባ እኛ ይህን ያህል እንኳ አልተጨነቅንም።

በሀገራችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥቶ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን የሕዝብ በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። ጥያቄው በደርግ ጊዜ ሲመለስ ጨረቃዋ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ጉዳይም ሆነች። ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ መጠበቅ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ሬዲዮ ቢሳሳትም የተናገረው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ኮምፒዩተር በበኩሉ ስሌቱን አቀለለው። የሰሜን አሜሪካ የፊቅህ ምክር ቤት በ2006 እ.ኤ.አ የወሩን መግቢያ በስሌት ለመወሰን ተስማማ። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለው ልጅ ዒዱን ከወራት በፊት ያውቃል፤ ደሴ ያለችው እናቱ እስከ ማታ ትጠብቃለች። አንዳንድ ዓመት በስልክ ሲተያዩ እሱ በልቷል፣ እሷ ጾመኛ ናት። ይህ የኩረይብና የኢብኑ ዐባስ ዓይነት ልዩነት ነውና አያጣላም።

የሚያሳስበን ሌላው ነው። ከቅርብ ዓመታት በአንዱ፣ ረመዳን 29 ማታ፣ «ነገ ዒድ ነው» የሚል መልእክት ከጨረቃ ፎቶ ጋር በሰፈራችን ተሰራጨ። መስጂድ ያሉትን ወጣቶች ከየት አመጣችሁት አልናቸው። አንዱ ከጓደኛው፣ ጓደኛው ከአክስቱ ልጅ፣ እሷ ደግሞ ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ። ግሩፑን ማን እንደከፈተው የሚያውቅ ጠፋ። የሐዲሥ ዑለማእ እንዲህ ያለውን አስተላላፊ «መጅሁል» ይሉታል፤ ያልታወቀ ማለት ነው። ፎቶውም የቀድሞ ዓመት ሆኖ ተገኘ። ማታውኑ ጨረቃ እንዳልታየች በይፋ ቢነገርም ቀድመው የተኙ አልሰሙም፤ ጠዋት ቡና አፍልተው የጠጡ ቤቶች ነበሩ። ያቺን ቀን በሸዋል ቀዳ አወጡ።

ዋትስአፕ በ2018 እ.ኤ.አ ከሌላ የተላለፈ መልእክት ላይ ምልክት ማድረግ ጀመረ። በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ የዞረውን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ መላክ ከለከለ። ምልክቱ ወሬው ከብዙ እጅ ማለፉን ይነግረናል፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አይነግረንም። እሱን ላኪው ዘንድ ደውለን መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው።