ረሃብ ነው ያወፈረን?

ለእኛ ለከምባታ ልጆች በመስቀል አገር ቤት አለመግባት አይታሰብም፤ በዓሉን እዚያ «መሳላ» እንለዋለን። ባለፈው መስቀል ዳምቦያ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የወረድነው ባለ ቦርጮች ቆጮና ክትፎ ከበን ተቀምጠናል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንሰት ሲፍቁ የኖሩት ቀጭኗ አክስቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ወፈርክልኝ፤ ተመስገን!» አሉ። ሐኪሜ የደም ስኳሬን አይቶ የተናገረውን አልነገርኳቸውም።

አንድ የተማረ ዘመዴ ግን ማብራሪያ ነበረው። «እኛ ረሃብ ያለፈበት ሕዝብ ልጆች ነን። ሰውነታችን ለክፉ ቀን ማጠራቀም ለምዷል» አለ። የሕግ ሰው ጥሩ መከላከያ ይወዳል። ቢሆንም ማስረጃውን ማገላበጤ አልቀረም።

ክርክሩ የዘመዴ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የጄኔቲክስ ሊቅ ጄምስ ኒል ስኳር በሽታን ለማብራራት እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት መላ ምት ነው። ቆጣቢ ዘረ መል ያለው ሰው ከረሃብ ይተርፋል፣ ይዋለዳል፤ ጥጋብ ሲመጣ ያው ጸጋ በሽታ ይሆንበታል።

የዚህ መላ ምት ዋና ተቃዋሚ እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ጆን ስፒክማን ናቸው። ሰውዬው የጀመሩት ከወፍራም ሰው ሳይሆን ከወፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት የዶክትሬት ጥናት የውኃ ዳር ወፎች ምግብ ሲፈልጉ የሚያወጡትን ጉልበት የሚመለከት ነው። ከዚያ በስኮትላንዱ አበርዲን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ሠሩ፤ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በቻይናም ላቦራቶሪ አላቸው።

ዋና መሣሪያቸው ውኃ ነው። እንስሳው ከባድ ሃይድሮጅንና ከባድ ኦክስጅን ያለው ውኃ ይሰጠዋል። ሃይድሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣው በውኃ መልክ ብቻ ነው፤ ኦክስጅኑ ግን በትንፋሽም፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ፣ ይወጣል። የሁለቱ ልዩነት እንስሳው ስንት እንዳቃጠለ ይናገራል። በዚህ ዘዴ፣ ስፒክማን የተሳተፉበት የ1998 ጥናት የደቡብ አፍሪካን የዱር ውሾች መዘነ። ጅብ ከአደናቸው ሩቡን ቢነጥቃቸው፣ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል የነበረውን አደን 12 ሰዓት ማድረስ ይኖርባቸዋል። በ2015 ደግሞ ፓንዳ በአካሉ ልክ ከሚጠበቀው 38 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚያቃጥል ታወቀ።

ወደ ረሃቡ ልመለስ። ስፒክማን የሚሉት፣ ረሃብ በብዛት የሚገድለው ሕፃናትንና አረጋውያንን ነው፤ ቀጭኑን ለይቶ አይደለም። ወፍራሙን ብቻ እያስቀረ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም እንወፍር ነበር። በ2000 ዓ.ም. «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውን ያየ የአገሬ ሰው፣ ማሳው ለምልሞ ሳለ በቅድሚያ የከሱት እነማን እንደነበሩ አይረሳም። አክስቴስ የዚያው ረሃብ ወራሽ አይደሉም?

የእርሳቸው አማራጭ እንዲህ ነው። ጥንት ውፍረትን የሚገድበው አውሬ ነበር፤ መሮጥ ያቃተው ይበላል። ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሰው በመሣሪያ፣ በእሳትና በመተባበር አውሬውን ሲያሸንፍ ገደቡ ላላ። ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚወፍር የወሰነው የዘረ መል ዕጣ ነው። በጋምቢያ የሠሩት እንግሊዛዊው አንድሪው ፕሬንቲስ ግን ረሃብ በሞት ብቻ ሳይሆን ሴቶች እንዳያረግዙ በማድረግም ይመርጣል ሲሉ መልሰዋል። ይህ ከባድ መልስ ነው፤ መዝገቡ አልተዘጋም።

የራሴን ሁለት ሰበቦች ግን አጥቻለሁ። አንደኛው ዕድሜ ነበር። ስፒክማን ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑበት፣ ከ29 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎችን የያዘው የ2021 ጥናት፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የሰውነት የማቃጠል አቅም በአካል መጠን ሲሰላ እንደማይቀንስ አሳየ። ሁለተኛው የቢሮ ወንበር ነው። በ2008 እርሳቸውና ሆላንዳዊው ክላስ ቬስተርተርፕ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰዎች በእንቅስቃሴ የሚያቃጥሉት ጉልበት ከ1980ዎቹ ወዲህ እንዳልቀነሰ ጻፉ። የቀረው ሳህኑ ነው። በ2018 በአይጦች ላይ በወጣው ጥናታቸው፣ ከፕሮቲን፣ ከስኳርና ከስብ መካከል አብልቶ የሚያወፍረው ስብ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ለዘመዴ በስልክ ብነግረው «እኛ አይጥ ነን እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአይጥ ውጤት እንዳለ ለሰው አይገለበጥም። እኔ ግን ለጊዜው ክትፎዬን ያለ ቅቤ አዛለሁ፤ አስተናጋጁ በአዘኔታ ያየኛል።

አክስቴ «ተመስገን» ማለታቸው ግን አይፈረድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ሲሆኑ፣ ከመጠን በላይ የከሱት 22 በመቶ ነበሩ።