ተደጋሚ ጓዳ

«እኔ ጋ ይሠራል እኮ!»

በመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ጣና ዳር ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከዘረጉ ተማሪዎች አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳይሰማ ማኪያቶውን አይጨርስም። ኮዱ ያው ነው፤ በፍላሽ ተገልብጦ ነው የመጣው። አንዱ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ የስህተት መዓት ይዘረግፋል። ሁለቱም ተማሪዎች አይዋሹም። ልዩነቱ ኮዱ ከሚደገፍባቸው ነገሮች ነው፦ ከፓይተኑ እትም፣ ካቻምና ተጭኖ ከተረሳ ላይብረሪ፣ አንዳንዴም ከአንድ ፎንት።

ይህን ስብስብ ባለሙያዎቻችን «ኢንቫይሮመንት» ይሉታል። «አካባቢ» ቢባል አንባቢ ወዲያው ችግኝ ተከላ ይታየዋል። «ከባቢ»ም አልጣመኝም፤ ከባቢ ሰው ሳይመርጠው የሚከበው ነገር ነው። የፕሮግራመር ማሽን ግን በባለቤቱ እጅ ቀስ በቀስ የሞላ ነው፤ እንግዳ አያየውም፣ ባለቤቱም ምን ምን እንዳስገባበት ሁሉን አያስታውስም። አማርኛ ለእንዲህ ያለ ቦታ ጓዳ የሚል ቃል አለው።

«ሪፕሮዲዩሲብል» ለሚለው ደግሞ «ተደጋሚ» እላለሁ። ተነባቢ የሚነበብ፣ ተነቃይ ሊነቀል የሚችል እንደሆነ ሁሉ ተደጋሚም ሊደገም የሚችል ነው። ከ«ተደጋጋሚ» ጋር እንዳይምታታ ግን አደራ። ተደጋጋሚ ስህተት ሁላችንም እናውቃለን፤ በተደጋሚ ጓዳ ውስጥ ስህተቱ ራሱ ሁሉም ዘንድ እኩል ይታያል፣ ስለዚህ ይያዛል። እንግዲህ ተደጋሚ ጓዳ ማለት ዝርዝሩ በጽሑፍ የተቀመጠ፣ ያንን ጽሑፍ ብቻ ይዞ በሌላ ማሽን፣ በሌላ ቀን እንደገና ሊሰናዳ የሚችል የሶፍትዌር መሥሪያ ስብስብ ነው።

ቃሉ ለምን እንደሚያስፈልገን እዚሁ ባሕር ዳር ጥሩ ምሳሌ አለ። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ኤዲኦሲአር የተባለ የአማርኛ ጽሑፍ ምስሎች ስብስብ አሳትመዋል። ኮምፒውተር የታተመ አማርኛ ማንበብ እንዲማር የተዘጋጁ 337,337 የመስመር ምስሎች ናቸው። ከእነዚህ 40,929ኙ ከታተመ ወረቀት የተወሰዱ ሲሆኑ የቀሩትን ኦሲአሮፐስ በተባለ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ኮምፒውተር ራሱ ፈጥሯቸዋል። ኦሲአሮፐስ የተጻፈው በፓይተን 2 ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 አበቃ። ዛሬ አንድ ተማሪ ተመሳሳይ ምስሎችን በዚያው መንገድ ልፍጠር ቢል የተመራማሪዎቹን ጽሑፍ ማንበብ አይበቃውም፤ የ2019ኙን ጓዳ መልሶ ማሰናዳት አለበት፤ ያውም በአዲሱ ፓይተን የሚሠራውን የራሱን ፕሮጀክት ሳያበላሽ።

ዕቃ ወደ ጓዳ የሚያስገባው «ጥቅል አስተዳዳሪ» ነው። የጥቅሉን ስም ሲነግሩት እሱንና እሱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች አምጥቶ ይጭናል። ተማሪው በየቀኑ «ፒፕ ኢንስቶል» የሚለው ይህንኑ ነው። ችግሩ፣ እትም ካልተጠቀሰለት የዕለቱን አዲስ ማምጣቱ ነው፤ የመስከረሙ ጓዳና የሰኔው ጓዳ ሳይታወቅ ይለያያሉ። ባሰ ጊዜ ደግሞ ጥቅሉ ጨርሶ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ያላት የጃቫስክሪፕት ጥቅል በባለቤቷ ውሳኔ ጥቅሎች ከሚወርዱበት መደብር ስትወጣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች ቆመው ነበር።

ይህን ከሥሩ ለመፍታት ከተነሡት ጥቅል አስተዳዳሪዎች አንዱ ኒክስ ነው። ጀማሪው ኤልኮ ዶልስትራ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2006 በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት አቅርቦታል። ኒክስ እያንዳንዱን ጥቅል በየራሱ ማኅደር ያስቀምጣል፤ የማኅደሩ ስም የሚጀምረው በአሻራ ነው። አሻራው ጥቅሉ ከተሠራባቸው ነገሮች ሁሉ ይሰላል፦ ከምንጭ ኮዱ፣ ከኮምፓይለሩ፣ ከትእዛዞቹ፣ ከሚደገፍባቸው ጥቅሎች። አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። ስለዚህ ፓይተን 2 እና ፓይተን 3 ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አይነካኩም። የተመረጡት እትሞችና አሻራዎች «የተቆለፈ ዝርዝር» በሚባል ፋይል ይመዘገባሉ፤ ለጓደኛ የሚላከው ከኮዱ ጋር ይህ ፋይል ነው።

ከአንድ ምስክር ጋር ማመሳከር ለአገሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ናት፤ ድጓን ሌላ ቦታ የተማረ ሰው ለማስመስከር ወደዚያ ይወጣል፣ ዜማው ከዚያው ጋር ይመሳከራል። ኒክስም ከኢንተርኔት ያወረደውን የምንጭ ኮድ ከተመዘገበው አሻራ ጋር ሳያመሳክር አይቀበልም።

ዋጋው ቀላል ነው አልልም። የኒክስ ቋንቋ መጀመሪያ ላይ ያስመርራል፣ በዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን ማስገባት ይጠይቃል፣ ጓዳው ሲሞላም ብዙ ጊጋባይት ይበላል። ለእኛ የከበደው ግን ማውረዱ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የተቆለፈ ዝርዝር ብቻውን ምግብ የሌለበት ሜኑ ነው። ኒክስ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ አንድን መሥሪያ ከሚደገፍባቸው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ ወደ ሃርድ ዲስክ ያወጣል፤ ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ የተሰናዳውን ጓዳ ኢንተርኔት ወደሌለው ላፕቶፕ መውሰድ ይቻላል።

ደግሞ የጓዳ መደገምና የውጤት መደገም አንድ አይደሉም። ፕሮግራሙ ሲገነባ የሰዓቱን ቁጥር ውስጡ ከጻፈ፣ በአንድ ጓዳ ሁለት ጊዜ የተገነባው ፋይል ይለያያል። ይህን ጣጣ ለማጥፋት የሚሠራ ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ጥረት አለ፤ ስሙም «ተደጋሚ ግንባታ» ቢባል ይስማማል።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ፓይተን 2ንና ኦሲአሮፐስን አሰናዳ እንበል። ፎንቶቹ ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ፓወር ግዕዝ የሚሸጥ ሶፍትዌር ስለሆነ ኒክስ እንደ ሌላው ከሕዝብ መደብር አያወርድለትም፤ ፋይሉን ራሱ ማምጣት፣ አሻራውንም በዝርዝሩ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ጓደኛው ፓወር ግዕዝ የሚል ስም ያለው፣ ግን ከሌላ እትም የተገኘ ፋይል ቢያቀርብ ኒክስ «ይህ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ጭቅጭቁም ገና ምስል መፈጠር ሳይጀምር ያበቃል።