የተዋሰ መሣሪያና ኃይሉ፤ የጥቂት የኮምፒዩተር ስያሜዎች ታሪክ

የኮምፒዩተር መምሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁሉ ከአንድ አስቸጋሪ ስያሜ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ኮምፒዩተር በውስጡ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ያሉ ያህል ሆኖ እንዲሠራ በፕሮግራም ይደራጃል። እነዚህን «ምናባዊ ኮምፒዩተሮች» እንላቸዋለን። ከዚያም በዋናው ኮምፒዩተር ላይ የተሰካ አንድ እውነተኛ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ግራፊክስ ካርድ፣ ለአንዱ ምናባዊ ኮምፒዩተር ብቻ እንዲያገለግል ይለቀቅለታል። ለዚህ አሠራር የወጣው የእንግሊዝኛ ስያሜ ቃል በቃል ሲመለስ «ማሳለፍ» ወይም «አሳልፎ መስጠት» ይሆናል። «አሳልፎ መስጠት» በአማርኛ የክሕደት ቃል እንደሆነ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻም። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ቃሉ ሰጪው ከሰጠው ነገር ፈጽሞ እጁን እንዳወጣ ማስመሰሉ ነው። የአሠራሩ ታሪክ፣ በተለይም የኤሌክትሪክ ኃይሉ አስተዳደር ታሪክ፣ ተቃራኒውን ይመሰክራል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አይ.ቢ.ኤም. በ1972 ቪ.ኤም./370 የተባለውን ሥርዓት ሲያወጣ፣ አንድ እውነተኛ የቴፕ ማጫወቻ ለአንድ ምናባዊ ኮምፒዩተር ብቻ የሚሰጥበት ትእዛዝ በውስጡ ነበረ። ለትእዛዙ የተመረጠው ግሥ «ማያያዝ»፣ ለተቃራኒውም «መፍታት» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ስያሜው ከኋለኛው ይልቅ ጨዋ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ከብቱን ያሰረ ባለቤቱ መፍታት እንደሚችል ማንም ያውቃልና። ኃይልን በተመለከተ ግን ያን ጊዜ ክርክር አልነበረም፤ ማብሪያውና ማጥፊያው በማሽኑ ክፍል ሠራተኞች እጅ ነበር።

ክርክሩ የመጣው በባትሪ ከሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮች ጋር ነው። በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ያወጡት ደንብ ኃይልን የመቈጣጠሩን ሥራ በአመዛኙ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ለሚኖረው ቋሚ ፕሮግራም ሰጥቶ ነበር። በታኅሣሥ 1996 ሁለቱ ኩባንያዎች ከቶሺባ ጋር ሆነው ኤ.ሲ.ፒ.አይ. የተባለውን ደንብ ሲያወጡ ይህ ሥልጣን ወደ ሥርዓተ ክወናው ተዛወረ። ሥልጣን የሚለውን ቃል የተጠቀምነው ሆን ብለን ነው። «ኃይል» በአማርኛ ጉልበትም ነው፣ ሠራዊትም ነው፣ ከተሜው «መብራት ኃይል» ሲል የሚያስበው ኤሌክትሪክም ነው። «የኃይል አስተዳደር» የሚለው ስያሜ እንግዲህ ሳናስበው ጥሩ ወጥቶልናል፤ የነገሩ ታሪክ ማን ያዛል የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነውና።

የመሣሪያዎች የኃይል ደረጃ ከዲ0 እስከ ዲ3 ይቈጠራል፤ ዲ0 ሙሉ ሥራ፣ ዲ3 ዕረፍት ነው። በ1997 የወጣው የፒ.ሲ.አይ. የኃይል ደንብ ይህን ዲ3 «ትኩስ» እና «ቀዝቃዛ» ብሎ ለሁለት ከፈለው። ቅጽሎቹ እንዳሉ ቢመለሱ አንባቢው ቴርሞሜትር መፈለጉ አይቀርም፤ ነገሩ ግን ከሙቀት ጋር አይገናኝም። በመጀመሪያው የኤሌክትሪኩ መስመር ስላልተቋረጠ መሣሪያው በትእዛዝ ይነሣል፤ በሁለተኛው ዋናው መስመር ስለተቋረጠ ትእዛዝ ቢላክለትም አይሰማም። ለዚህ ቋንቋችን ከጥንት ጀምሮ የተዘጋጀ ነው። የባላገር እመቤት ማታ ፍሙን በዐመድ ታዳፍናለች፤ ላዩን ሲያዩት የሞተ ይመስላል፤ ጧት ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉት ይያያዛል። ፈጽሞ ከጠፋ ግን ከጎረቤት እሳት መጫር ግድ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው «መዳፈን»፣ ለሁለተኛው «መጥፋት» እንላለን። (ስም ለማውጣት ሲባል «ዳፍንት» የሚል ቢመጣ አንቀበልም፤ የዓይን ሕመም ነው።)

እሳት የመጫሩ ምሳሌ ከምናስበው በላይ ይሠራል። ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. የተባለው ክፍል በ2012 ከሊኑክስ 3.6 ጋር ሲወጣ፣ መሣሪያን ለምናባዊ ኮምፒዩተር የመልቀቁ ሥራ የተደላደለ መሠረት አገኘ። በምናባዊው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ሥርዓተ ክወናም እንደ 1996ቱ ደንብ የኃይል አዛዥ ነኝ ብሎ ያስባል። ሆኖም የመሣሪያው መስመር የሚቋረጠውና የሚቀጠለው መሣሪያው ከተሰካበት በር በኩል ነው፤ ያ በር ደግሞ የዋናው ኮምፒዩተር ነው። እንግዳው ማዳፈን ይችላል፤ ማጥፋትና መልሶ ማቀጣጠል ግን በራሱ አይችልም።

ምናባዊው ኮምፒዩተር ሲዘጋስ? መሣሪያውን የሚያውቀው ፕሮግራም ከእንግዳው ጋር ስለሚዘጋ፣ መሣሪያው ዕረፍት የሚያዝዘው አጥቶ ያለ ሥራ ኤሌክትሪክ ሊፈጅ ይችላል። በ2015 በሊኑክስ 4.1 ተጠቃሚ የሌለው መሣሪያ እንዲዳፈን ተደረገ፤ ተዳፍነው በደህና የማይነሡ መሣሪያዎች ቢኖሩ ይህን ማስቀሪያ አማራጭም አብሮ ተሰጠ። በ2022 በሊኑክስ 6.1 ደግሞ በእንግዳው ወገን ያለው ፕሮግራም መሣሪያው እስከ መጥፋት ድረስ እንዲያርፍ የሚጠይቅበት መንገድ ተከፈተ። ጥያቄው የእንግዳው ነው፤ ፈጻሚው ዋናው ኮምፒዩተር ነው። ይህን ሁሉ «አሳልፎ መስጠት» ብሎ የተረጐመ ሰው፣ እንግዳውን ዘግቶ መሣሪያውንም የዘጋ የሚመስለው ባለሙያ ቢያጋጥመው ሊወቅሰው አይገባም።

እኛ የምናቀርበው ስያሜ «ማዋስ» ነው። አማርኛ ብድርንና ውሰትን ይለያል፤ ብድር በዓይነቱ ይመለሳል፣ ውሰት ግን ዕቃው ራሱ ነው የሚመለሰው። (የቋንቋ ሊቃውንት «የውሰት ቃል» የምንለው መቼም ተመልሶ ስለማያውቅ በዚህ ረገድ አርአያ አይደለንም።) ዋናውንም ኮምፒዩተር «አስተናጋጅ» ማለት በሆቴል ቤት ያለውን ስለሚያስታውስ፣ ማሳደሩንም ማዘዙንም የያዘውን «አሳዳሪ» እንመርጣለን።

መሣሪያው ለዓመታት በአንዱ ምናባዊ ኮምፒዩተር ሥር ሊቈይ ስለሚችል ውሰት ማለት አይገባም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሙቀጫ ጎረቤት ቤት ስንት ክረምት እንደሚከርም ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ የማን ሙቀጫ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።