ጋደም ብሎ ስለሚነዳው ብስክሌትና ስለ ናዝሬት ነፋስ

ናዝሬትን፣ የዛሬዋን አዳማ፣ የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል። ከከተማይቱ ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሎ፣ ሁለተኛው በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ የሁለቱ አቅም በድምሩ 204 ሜጋዋት ደርሷል። ብስክሌት ነጂውንም ደረቱን ገፍቶ የሚያቆመው ይኸው ነፋስ ነው። ታዲያ መኪናን ትቶ በእግር ጉልበት ሥራ መግባት ይቻላል ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ ጥያቄው ሌላ ሰው አገር አስቀድሞ የተጠየቀ ሆኖ አገኘነው።

ሻርል ሞሼ የሚባል ፈረንሳዊ ሠሪ አንድ ልጅ ነበረው። እናትየው ልጄ ከብስክሌት ወድቆ ይሰበርብኛል ብላ ስለ ፈራች፣ አባት ባለ አራት ጎማ፣ በፔዳል የምትሄድ ትንሽ መኪና ሠራለት። ልጁም በብስክሌት የሚሄዱትን ጓደኞቹን ይቀድማቸው ጀመር! ጎረቤት ለእኛም ይሠራልን አለ። «ቬሎካር» የተባለችው ለሁለት ሰው የምትበቃ የፔዳል መኪና እንዲህ ተወለደች፤ ቤንዚን የማትጠጣ፣ መኪና መግዛት ያልቻለው ሰው ሥራ የሚገባባት። ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፉባት ግን የመገልበጥ ጠባይ ነበረባት። ሞሼ ይኼን አይቶ እንደ ዳቦ ለሁለት ከፈላት ብንል አልዋሸንም። የወጣው ባለ ሁለት ጎማ፣ ጀርባን ወንበር ላይ አስደግፈው እግርን ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት ብስክሌት ነው።

ፍራንሲስ ፎር የሚባል፣ ከአንደኞቹ ተርታ ያልነበረ ተወዳዳሪ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1933 ፓሪስ ላይ በዚህ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከ1914 ጀምሮ ማንም ያልነካውን የኦስካር ኤግን 44.247 ኪሎ ሜትር ሰበረ ማለት ነው። ምን ተደረገ? የዓለም ብስክሌት ማኅበር በ1934 ተሰብስቦ «ይኼ ብስክሌት አይደለም» ብሎ ከውድድር አስወጣው። ጉድ እኮ ነው! የተሸነፈው ሲበዛ ሕግ ይወጣል። ሞሼ በዚያው ዓመት ሞተ። ቢሆንም ጀርመኖች ፈረንሳይን ይዘው ቤንዚን ሲጠፋ፣ ሕዝቡ ባለ አራት ጎማዋን ቬሎካር ፈልጎ ያዛት። በውድድሩ አለመታገድዋ አልከፋውም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቤንዚን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። የዋጋ ጭማሪው ያስቆጣቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ከመምህራኑ አድማና ከወታደሩ አመፅ ጋር ተደማምሮ፣ አሥር ቀን ባልበለጠ ጊዜ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህ ሁሉ መሀል የስምጥ ሸለቆው ከተሞች ሰው በምን ሄደ? በጋሪ ነዋ! የናዝሬት፣ የባቱ፣ የሻሸመኔ ጋሪ ከአሮጌ መኪና ጎማና አክስል የተሠራ፣ ፈረስ የሚጎትተው ነበር፤ ኋላ ባጃጅ መጥቶ ከዋናው መንገድ ገፋው። አንድም ሰው ግን ጋሪን እንደ ፈጠራ ቆጥሮ ሲያመሰግነው አልሰማንም።

ከጋሪው የበለጠ የሚያስቆጨን ሌላ አለ። እግራቸው የማይታዘዝላቸው ወገኖቻችን በእጅ እየዘወሩ የሚሄዱበትን ባለ ሦስት ጎማ ተመልከቱት። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጀርባ ይደገፋል፣ ሰንሰለቱ ከፊት ነው። ሞሼ ከደረሰበት ሐሳብ ብዙም አይርቅም። በከተሞቻችን መንገድ ላይ ስንት ዘመን ሲያልፍ፣ እኛ ግን ከንፈር መጠን አለፍን እንጂ መሣሪያውን አላየነውም።

የዝቅታው ጥቅም ቀላል ነው። የነፋስ ግፊት ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ፣ ጠበብ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለነፋስ የሚሰጠው ደረት ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቫዳ ላይ ሙሉ ሽፋን የተደረገለት እንዲህ ያለ ብስክሌት በሰው ጉልበት ብቻ በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ለሥራ መግቢያ ሽፋኑ አያስፈልግም። ሁለት አሮጌ ብስክሌት፣ ጥቂት ሜትር ቱቦላሬ፣ የተረፈ ኩሽኔታ፣ ለወንበሩ ሸራ፣ ከዚያ ብየዳ። ጣጣው ሰንሰለቱ ላይ ነው፤ እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚረዝም እየተንሸራተተ ያስቸግራል። ዳገት ላይም ቆሞ መርገጥ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ከናዝሬት ወደ አዲስ አበባ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ መውጣት ስላለ፣ በዚህ ነገር ልውጣ የሚለውን አንመክረውም። ከመቂ ወደ ባቱ ለሚሄድ ግን ሜዳው የተሰጠ ነው።

የቀረው መንገዱ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ – አዳማ ፈጣን መንገድ ብስክሌት አያስገባም። የሚቀረው አሮጌው መንገድ፣ ከከባድ መኪናው ጎን ነው። እዚያ ደግሞ ዝቅ ማለት ከነፋስ ያድናል እንጂ ከሾፌር ዓይን ይሰውራል። ስለዚህ ከወንበሩ ኋላ ረጅም ዘንግ ተክሎ ቀይ ጨርቅ ማሰር የግድ ነው፤ በናዝሬት ነፋስ እንደሆነ ሲውለበለብ ይውላል።